ከጠፈር ወደ ጀልባ የወረደው ሶላር

በባለሸራ ጀልባ ላይ ባትሪ የሚሞላው ለረጅም ዘመን በሞተር ነበር፤ ለአንድ መብራት ሲባል ነዳጅ ማቃጠል፣ ጩኸቱንም መታገሥ ግድ ይል ነበር። ከዚህ የገላገለው ሶላር ግን ጀልባ ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የሲሊከን የፀሐይ ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ዋጋው የማይቀመስ በመሆኑ ዋነኛ ደንበኛው ጠፈር ሆነ፤ ሳተላይቷ ቫንጋርድ 1 በ1958 ይዛው መጠቀች። በ1970ዎቹ ኬሚስቱ ኤሊዮት በርማን ከእነዚህ ሴሎች የተሠራ ርካሽ ፓነል ሲያቀርብ፣ የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫዎችና ለመርከብ መንገድ የሚጠቁሙ ተንሳፋፊ መብራቶች ተቀበሉት። ጀልበኞችም ተከተሉ። 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት 36 ያህል ሴሎች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ የተጠራቀመው ኃይል ሌሊት ወደ ፓነሉ እንዳይመለስ ዳዮድ ይገባል። የጀልባው የገዛ ምሰሶ ጥላ ግን ዛሬም የፓነሉ ጠላት ነው፦ ጥቂት ሴሎች ሲጋረዱ የፓነሉ ኃይል ክፉኛ ይወርዳል።