መድኃኒቱ ሲሠራ የሚነሣው ትኩሳት

በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት የያዘው ሰው ቴትራሳይክሊን ከተሰጠው በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ደኅና መስሎ ይቆያል። ከዚያም ብርቱ ብርድ ይይዘዋል፤ አልጋው እስኪነቃነቅ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ከቀድሞው ይበልጥ ይንራል፤ ቆይቶም የደሙ ግፊት ያሽቆለቁላል። ይህን የማያውቅ አስታማሚ መድኃኒቱ በሽተኛውን የጎዳው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ደሙ በማይክሮስኮፕ ቢመረመር፣ ቀደም ሲል እንደ ጥምዝ ሽቦ እየተወራጩ ይታዩ የነበሩት ባክቴሪያዎች ከስመው ይገኛሉ።

ሁኔታው የሚጠራው በሁለት የቆዳ ሐኪሞች ስም ነው። የኦስትሪያው ያሪሽ በ1895፣ የፍራንክፈርቱ ሄርክስሃይመር በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሜርኩሪ የታከሙ የቂጥኝ በሽተኞች ቁስል መጀመሪያ ላይ ሲብስ ተመልክተው ጽፈዋል። የቂጥኝ ባክቴሪያ ራሱ የተገኘው ግን በ1905 ነው።

ለረጅም ጊዜ የተያዘው ግምት፣ ባክቴሪያው ሲሞት በውስጡ የነበረው መርዝ ይፈስሳል የሚል ነበር። ግምቱ በከፊል ትክክል ቢሆንም ጉዳቱን በቀጥታ የሚያደርሰው ከባክቴሪያው የወጣው ነገር ብቻ አይደለም። በ1992 ዮሐንስ ንጉሤና ባልደረቦቹ፣ የበሽተኛው የገዛ አካል የሚያመነጨው ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለው ንጥረ ነገር በዚያ ሰዓት በደም ውስጥ እንደሚያሻቅብ አሳዩ። በ1996 ደግሞ ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ከፔኒሲሊን በፊት ቲ.ኤን.ኤፍን የሚያከሽፍ፣ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ከተሰጣቸው 20 በሽተኞች መካከል ሁኔታው የደረሰባቸው 10 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው 29 መካከል ግን 26 ነበሩ። ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ለመቶ ዓመት ያከራከረ ጥያቄ መልሱ በድሆች በሽታ አልጋ አጠገብ መገኘቱ ነው።

አካሉን የሚቀሰቅሰው ነገር በ1998 ተለየ። ይኸውም ስብ የተጣበቀበት የባክቴሪያው የውጭ ልባስ ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያው ከሰውነት መከላከያ ለማምለጥ የሚቀያይረው፣ በሽታውንም የሚያገረሸው ይኸው ልባስ ነው።

ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ከደም የሚያጠፋው ቀስ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ በሽታው ይበልጥ ያገረሻል። ቴትራሳይክሊን ፈጥኖ ያጸዳል፤ የሚቀሰቅሰው እንቅጥቅጥም ፈጣን ነው። ውድ የሆነው ፀረ እንግዳ አካል በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት የደሙን ግፊት እየለካና ፈሳሽ በደም ሥር እየሰጠ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።