ጽዋ ማኅበር፦ በተራ የሚፈጸም ፍቅር

ጽዋ ማኅበር ክርስቲያናዊ ፍቅር ከስሜት ይልቅ በፈቃድ የሚገቡበት ግዴታ መሆኑን የሚያሳይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ነባር ልማድ ነው። የጥንት ክርስቲያኖች አጋፔ ይሉት ከነበረው የፍቅር ማዕድ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዓመት 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ በማዘዛቸው ማኅበሩ የሚሰባሰብባቸውን በዓላት የማክበሩ ልማድ ይበልጥ ጸና።

ማኅበርተኞቹ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቁጥር 12 ሆነው፣ ወር በገባ በ12 ለቅዱስ ሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም በየተራ ይደግሳሉ። ሙሴ የሚባለው መሪ ሥርዓቱን ያስከብራል፤ ካህኑ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል። ተረኛው የሚወደውን መርጦ አይጋብዝም፤ ማኅበርተኛውን ሁሉ ያስተናግዳል፤ ደጁ ለቆመ ችግረኛም ያካፍላል።

የተጣሉ ቢኖሩ ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ይታረቃሉ። ቂሙ ገና ባይበርድም ተነሥተው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባባላሉ፤ ልብ ቀስ ብሎ ይከተላል። በመጨረሻ በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ በዝማሬ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። የተቀበለው ሰው በወሩ ደስ ቢለውም ቢከፋውም ቤቱን ይከፍታል። ማኅበሩን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው ይህ ቃል አክባሪነት ነው።