የግላድስተን የበጀት ሣጥን

የግላድስተን ሣጥን የብሪታኒያ የገንዘብ ሚኒስትሮች የበጀት ንግግራቸውን ወደ ፓርላማ ይዘውበት ይሄዱ የነበረ ጥንታዊ የሰነድ መያዣ ነው። ሣጥኑ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ በወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ለነበሩትና በኋላ አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሆኑት ለዊሊያም ግላድስተን ነው። አካሉ ከጥድ እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ውጩ ቀይ ቀለም በተነከረ የበግ ቆዳ ተለብጧል፤ ውስጡ በጥቁር ሳቲን ተሸፍኗል። የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክትም በወርቃማ ቀለም ታትሞበታል።

ግላድስተን እ.ኤ.አ. በ1898 ቢያርፉም ሣጥኑ ከሥራ አልተገለለም። ተተኪዎቻቸው ከዳውኒንግ ጎዳና ቁጥር 11 ሲወጡ ለፎቶግራፍ አንሺዎች ከፍ አድርገው ማሳየታቸው የበጀት ቀን ወግ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1868 ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ዋርድ ሀንት ግን በምክር ቤቱ ፊት ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ንግግሩን ቤታቸው ረስተውት መምጣታቸውን እንዳወቁ ይነገራል።

እንዲህ ያለ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሲያልፍ ወደ ሙዚየም ይገባል። ይህ ግን 150 ዓመት ያህል አገልግሏል፤ የጎዳውም ይኸው ነው። ጄምስ ካላሃን እ.ኤ.አ. በ1965 ሌላ ቦርሳ ተጠቀሙ። ጎርደን ብራውንም እ.ኤ.አ. በ1997 በስኮትላንድ ሮሳይዝ የመርከብ ማደሻ ተለማማጅ ሠራተኞች የሠሩትን አዲስ ሣጥን ያዙ። አሊስቴር ዳርሊንግ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አሮጌው ቢመለሱም ቆዳው ተልጦ፣ አካሉም ተዳክሞ ነበር። ጆርጅ ኦስቦርን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 ለመጨረሻ ጊዜ ከተጠቀሙበት በኋላ ሣጥኑ ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስበት ከአገልግሎት ወጥቶ፣ ለንደን በሚገኘው የቸርችል የጦርነት ክፍሎች ሙዚየም ለእይታ እንዲቀመጥ ተደርጓል።