ብርድን ለሚፈራ አበባ የተሠራ ቤት

እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ይታሰበናል፤ ለሰሜን አውሮፓ ሰው ግን ክረምት ውሃን ድንጋይ የሚያደርግ ቅዝቃዜ ነው። በተለምዶ ጄራኒየም፣ በሳይንስ ስሙ ፔላርጎኒየም የሚባለው አበባ ደግሞ አብዛኛው ዝርያው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ በመሆኑ ውርጭ ካገኘው ይሞታል። ይህንና መሰል የሞቃት አገር ተክሎችን ከብርድ ለማዳን የተደረገው ጥረት ለሕንፃ ሥራ ያበረከተው ትምህርት ቀላል ስላልሆነ፣ ለሙያ ባልደረቦቻችን በአጭሩ ማውሳት ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ወፍራም ግድግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 በአርክቴክት አርዱዌን ማንሳር ንድፍ በቬርሳይ የተሠራው የብርቱካን ቤት ያለ እሳት ተክሎቹን ከውርጭ ይጠብቅ ነበር፤ ይኸውም መስኮቶቹ ወደ ደቡብ ስለሚመለከቱና የድንጋዩ ግንብ ሙቀትን ስለሚያቆይ ነው። ይህ ባልበቃበት ስፍራ ምድጃ በቤቱ ውስጥ ይነድ ስለነበር ጢሱና ጋዙ ቅጠሉን ጎዳው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ጆን ኢቭሊን በ1691 ምድጃው ከውጭ እንዲሆንና ንጹሕ አየር በቱቦ ሞቆ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ።

ሙቀቱ በዚህ ቢገኝም የብርሃን ችግር ገና አልተፈታም ነበር። ጆን ላውደን በ1816 ወደ ቅስት የሚታጠፍ ቀጭን የብረት መስታወት መያዣ አስተዋወቀ። ዳሩ ግን በብሪታንያ ከ1746 ጀምሮ መስታወት በክብደቱ ይቀረጥ ስለነበር የመስታወት ቤት የባለጸጎች ንብረት ሆኖ ቆየ። ከ1696 ጀምሮ በመስኮት ቁጥር ይከፈል የነበረው ግብርም ብዙ ሰዎችን መስኮታቸውን በግንብ አስደፈናቸው። እንግዲህ ብርሃን የተነፈገው ተክሉ ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭምር ነበር።

የመስታወቱ ቀረጥ በ1845፣ የመስኮቱ ግብር በ1851 ተነሣ። ዴሲመስ በርተንና ሪቻርድ ተርነር ከ1844 እስከ 1848 በኪው የዘንባባውን ቤት ሠሩ፤ ማሞቂያው ከወለሉ በታች ሆኖ ጢሱ በምድር ውስጥ ዋሻ ራቅ ብሎ ወደ ቆመ ግንብ ይሄድ ነበር። አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተንም ለ1851ዱ የለንደን ኤግዚቢሽን ክሪስታል ፓላስን ነደፈ።

የመስታወት ቤት የሌለው ቤተሰብ ግን ሌላ ዘዴ አለው። ጄራኒየሙን ቆርጦ በማሳጠር ቀዝቀዝ ባለና ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ያኖረዋል፤ ውሃም በጥቂቱ ብቻ ይሰጠዋል። አለዚያም ከነሥሩ ነቅሎ አፈሩን ካራገፈ በኋላ ውርጭ በማይደርስበት ምድር ቤት ይሰቅለዋል፤ ግንዱ ውሃ ስለሚያጠራቅም ብርዱ እስኪያልፍ ይቆያል። ሞቃትና ጨለማ ክፍል ግን ይጎዳዋል፤ ሙቀቱ እደግ ሲለው ብርሃን በማጣቱ ቀጥኖ ይመዘዛልና።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሕይወት ላለው ነገር የሚሠራ ቤት በጥንካሬው ብቻ አይመዘንም፤ ሙቀቱ፣ ብርሃኑና እርጥበቱ እርስ በርስ መመጣጠን አለባቸው። ሁለተኛ፣ ከላውደን ፈጠራ እስከ ቀረጡ መነሣት 29 ዓመት አልፏል። መሐንዲሱ መንገዱን ቢያገኝም፣ ሕጉ በሩን ካልከፈተ ፈጠራው ለብዙኃኑ አይደርስም።