ከምድር በታች ያለው ውሃ የማን ነው?

ወንዝ ሲጎድል አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ሲጎድል ግን የሚያውቀው የጉድጓዱ ባለቤት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የመሳቢያው ሞተር አየር መሳብ እስኪጀምር ድረስ ልብ አይለውም። ስለዚህ ነጋዴውና ፋብሪካው ከከርሰ ምድር የሚቀዱትን ውሃ መንግሥት በምን ሕግ ሲቈጣጠር እንደ ኖረ፥ ይህም በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለምን እንደሚከብድ ዛሬ እናስረዳችኋለን።

ጉድጓድ መቆፈር በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የአካባቢ ልማድ ጉዳይ ነበር። ልማድ ሲባል ግን ሥርዓት አልነበረም ማለት አይደለም። በቦረና ጥልቅ ኤላዎች ላይ የከብቱን ተራ የሚያዝዘው አባ ሄሬጋ ነው፤ ያለ ተራው የሚያጠጣ የለም። በጽሑፍ የተደነገገው ሕግ የመጣው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በጸና ጊዜ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ውሃን ለኅብረተሰቡ ቀዳሚ ጥቅም የሚሰጥ ሀብት አድርጎ ቈጠረው፤ ከ100 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድም ሥልጣን ካለው ክፍል ፈቃድ ሳይገኝ እንዳይቆፈር ከለከለ። እንግሊዞች እንኳ የከርሰ ምድር ውሃን በአገሩ ሁሉ በፈቃድ እንዲቀዳ ያደረጉት በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕጋቸው ነውና፥ የኛ ሕግ በዚህ ረገድ ወደ ኋላ የቀረ አልነበረም።

ለምን 100 ሜትር ተባለ? ይህን ያህል የሚወርድ ጉድጓድ በዶማና በገመድ ለመቆፈር እጅግ ያስቸግራል፤ መቆፈሪያ መኪናና ገንዘብ ያሻል። እንግዲህ ድንጋጌው ገበሬውን ትቶ ባለመኪናውን የሚይዝ ነበር። ነገር ግን ጥልቀቱን እንጂ መጠኑን አልጠየቀም። በ90 ሜትር ላይ ቆሞ ሌሊትና ቀን የሚቀዳ ሰው ከዚህ ቍጥር ያመልጣል።

በዚያው ዘመን የአዋሽ ሸለቆ መልኩን ይለውጥ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የባለሥልጣኑ ዋና ዓይን በወንዙ ላይ ነበር።

ከወንዙ ይልቅ አስቸጋሪው ግን የጉድጓዱ ውሃ ነበር። በስምጥ ሸለቆ ውሃው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ስለሚኖር ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚመክረው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፥ በሸለቆው ያሉ አያሌ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ ያልፋሉ። በወንጂ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ የአንዳንዶቹም አጥንት ደንድኖ ጀርባቸው አልታጠፍ አለ። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው ስንት ሜትር እንደሚቆፈር ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚጠጣውም መጠየቅ አለበት። የአዳማ ከተማም ከአዋሽ ተጣርቶ ወደሚመጣ ውሃ መዞሯ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁሉም ቦታ ደግሞ ውሃ ይጎድላል ማለት አይደለም። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ኋላ ከ40 በላይ ሆኖ የባቡሩንና የመኪናውን መንገድ አስጨነቀ። ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የባለርስትነቱ መሠረት ፈረሰ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 197 ውሃን ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አደረገው፤ የቤት ፍጆታንም ከማንኛውም አገልግሎት አስቀደመ። ለድርጅት ጥቅም የሚቀዳ በፈቃድ ሆነ፤ ዝርዝሩም በ1997 ዓ.ም. በደንብ ቍጥር 115 ተደነገገ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ከፈቃድ ነጻ ነው። ይህ ለድኻው የተደረገ ርኅራኄ ነው፤ ሆኖም በእጅ ተቆፍሮ በሞተር የሚቀዳ ጉድጓድ በአንድ ድርጅት ግቢ ቢገኝ የእጅ ነው ወይስ የሞተር? በእኛ አስተያየት መመዘን ያለበት ዶማው ሳይሆን ቆጣሪው ነው።

የሚቈጣጠረውም ክፍል ተለዋውጧል። በ2000 ዓ.ም. የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2011 ዓ.ም. የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ተተካ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ጉድጓዱ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲቀዳ ነበር።