ቁልቁል የሚወረድበት ደብር

ደብር ማለት በግእዝ ተራራ ማለት ነው። ቃሉ ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ቢሆንም የከፍታ ትርጉሙን ከነፍሱ አላወጣውም፤ ምእመኑ ዛሬም በብዙ ቦታ አቀበት ወጥቶ፣ ሽቅብ አንጋጦ ይሳለማል። በላስታ ምድር፣ ቀድሞ ሮሐ ትባል በነበረችው በላሊበላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚኬደው ቁልቁል ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። እኛም እስከ ዛሬ ስለ ላሊበላ ስናወራ በአብዛኛው የምናደንቀው የጠራቢዎቹን እጅ ነው። አድናቆቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዓይን ብቻ ከቀረ የሥራው እኩሌታ ያመልጠናል። እነዚያ ሰዎች ከአለቱ ያወጡት የሚታይ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን የሚረገጥ፣ የሚዳሰስና የሚደመጥ መንገድም ጭምር ነውና።

ቤተ ጊዮርጊስን እንመልከት። ጣራው በዙሪያው ካለው መሬት ከፍ ስለማይል ከሩቅ የሚመጣ ሰው አያየውም። ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ ከሆነው ጉድጓድ አፋፍ ሲደርስ ነው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች ከእግሩ ሥር የሚገለጡለት። ከዚያ መስቀሉ ይሰወርበታል። ከአለቱ በተቦረቦረ ጠባብ መተላለፊያ ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ ድንጋይ ነው። ከግቢው ሲደርስ፣ ቅድም ቁልቁል ያየውን አሁን ሽቅብ ያየዋል። ጫማውን አውልቆ ሲገባ ደግሞ ብርሃኑ ራሱ ሥርዓት ተበጅቶለት ይጠብቀዋል፤ የታችኞቹ 9 መስኮቶች መልካቸው ብቻ የተቀረጸ ድፍኖች ሲሆኑ፣ ብርሃን የሚገባው ከላይኞቹ 12 መስኮቶች ነው። ስለዚህ በውስጥ የቆመ ሰው አጠገቡ ጥላ፣ ከራሱ በላይ ብርሃን ነው።

ጨለማውም ቢሆን ያለ ሥራ አልተተወም። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር የዋሻ መንገድ አለ። ያለ መብራት የሚያልፍበት ሰው መዳፉን በግድግዳው ላይ እያሳረፈ፣ በእግሩ እየፈተነ ይሄዳል። ትውፊት ይህን መንገድ የሲኦል ምሳሌ ያደርገዋል። የሲኦልን ሥዕል ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ሊረሳው ይችላል፤ በመዳፉ እየዳሰሰ ያለፈው ግን እንዴት ይረሳል?

የድምፁን ነገር ደግሞ በልደት በዓል ቤተ ማርያም ይናገራል። ያን ዕለት ካህናቱ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ ማሜ ጋራ በሚባለው የአለት አፋፍ ላይ፣ ገሚሱ ከታች በግቢው ውስጥ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሰማይና ምድርን ለመለየት መድረክ መሥራት አላስፈለገም፤ የግቢው ጥልቀት ራሱ መድረክ ነው።

ትውፊት ሥራውን ሁሉ ለቅዱስ ላሊበላ ይሰጣል። እንደ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያሉ አርኪዮሎጂስቶች ደግሞ ከፊሎቹ ከንጉሡ ዘመን በፊት እንደተጀመሩ ይከራከራሉ። እንዲህ ከሆነም ድንቁ አይቀንስም፤ ከአንድ ትውልድ በላይ ያንኑ አለት እያዳመጠ፣ የቀደመውን መንገድ እያስረዘመ ሠርቷል ማለት ነው። ፊንላንዳዊው አርክቴክት ዩሃኒ ፓላስማ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ የዘመናችን ሕንፃ ለዓይን ብቻ አድልቶ ቆዳን፣ ጆሮንና አፍንጫን ረሳ ሲል ወቅሷል። የላስታ ጠራቢዎች ይህን ወቀሳ መስማት አያስፈልጋቸውም ነበር።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዝናብ በስንጥቆቻቸው እየገባ ስለጎዳቸው፣ በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአራት ቦታዎች ላይ ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ቤተ ማርያምና ቤተ መድኃኔ ዓለም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ዝናብን መከላከል ግድ ነበር፤ አለቱ ከፈረሰ የሚወረስ ነገር የለምና። ሆኖም መጠለያው የጋረደው ዝናቡን ብቻ አልነበረም። ቁልቁል የወረደ ሰው ቀና ሲል የሚያገኘውን ሰማይም ጋረደ። የከተማው ሰው በመጠለያዎቹ ላይ ያሰማው ቅሬታ ከምሰሶዎቹ ክብደት ሥጋት ጋር ይህን ማጣት የያዘ ይመስለኛል።

ቅርስን የምንለካው በሜትር ስፋቱና በድንጋዩ ጤንነት ብቻ ከሆነ፣ ሰማዩ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። የላሊበላ ጠራቢዎች ግን ሰማዩን ከሥራቸው ቆጥረውታል፤ ያን ያህል ወደ ታች የቆፈሩት ሰው ከታች ሆኖ ቀና እንዲል ነው። ወደፊት ለእነዚህ ቤቶች የሚታሰብ ጥገና ሁሉ ከአለቱ ጋር ይህን ቀና ማለት አብሮ ሊጠብቅ ይገባዋል።