የጉርድ ፎቶ ሌንስ ታሪክ፦ ከልዑል ዓለማየሁ እስከ ሚኒሶታ

በሚኒያፖሊስም ሆነ በሴይንት ፖል ከሚኖር ወገናችን ቤት ገብታችሁ ግድግዳውን ብትመለከቱ አንድ የማይጠፋ ነገር አለ፤ እሱም ፎቶግራፍ ነው። የአባት ጉርድ ፎቶ፣ እናት በሐበሻ ቀሚስ የተነሡት፣ የሠርጉ፣ የምረቃው። ሐዘን የደረሰ ዕለት ደግሞ ሻማ በርቶለት ከለቀስተኛው ፊት የሚቀመጠው ይኸው ፎቶ ነው። ከአገር ስንወጣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣችን የያዝነው፣ ቢጠፋ የማይተካ ንብረታችንም እሱው ነው። ዳሩ ግን ያ ፊት በምን ዓይነት መስተዋት አልፎ ወረቀት ላይ እንዳረፈ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ ካሜራ ለሚወዱ ወገኖች ሁሉ የጉርድ ፎቶ ሌንስን ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር አያይዘን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የልዑሉ ፎቶግራፍ

ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ከሞቱ በኋላ የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ ጦር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁ እንግሊዝ አገር በደረሰበት በዚያው ዓመት በጋ፣ በዋይት ደሴት ትኖር የነበረችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ብቻውንም፣ ሻምበል ስፒዲ ከሚባለው ሞግዚቱ ጋርም አነሣችው። ልዑሉ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ለአገሩ እንዲበቃ ኢትዮጵያ በ2007 ጠይቃለች፤ በ2023ም ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ እምቢታ ነበር። አጽሙ ባይመለስም ፊቱን ግን እናውቀዋለን። የዚያን ሕፃን ኀዘን ከ150 ዓመት በላይ አቆይቶ ያደረሰልን አንድ ካሜራና አንድ ሌንስ ነው።

ካሜሮን ሥራ ስትጀምር የተጠቀመችበት ሌንስ ፓሪስ ውስጥ በዣማን ፋብሪካ የተሠራ ሲሆን፣ ንድፉ ግን የቪየናው የሒሳብ ፕሮፌሰር የዮሴፍ ፔትዝቫል ነበር። ታሪኩ የሚጀምረውም ከዚህ ሰው ነው።

መድፈኞች የረዱት ሌንስ

ፎቶግራፍ በ1839 ፓሪስ ላይ ለዓለም ሲታወጅ የነበረው ሌንስ ብርሃን የሚያስገባው በጠባብ ቀዳዳ ስለነበር፣ የሚነሣው ሰው ጠራራ ፀሐይ ላይ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ለሕንፃ እንጂ ለሰው ፊት የሚሆን አልነበረም። ፔትዝቫል በ1840 መስተዋቶቹን በግምት ሳይሆን በሒሳብ ቀምሮ አዲስ ሌንስ አወጣ። ስሌቱ እጅግ ብዙ ስለነበር የኦስትሪያ ጦር መድፈኞች ተመድበው አግዘውታል፤ የመድፍን ጥይት መንገድ ሲያሰሉ የኖሩ ሰዎች የብርሃንን መንገድ አሰሉ ማለት ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ/3.6 ሲሆን፣ ከቀድሞው ከ15 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ብርሃን ያስገባ ነበር። መሐሉ ጥርት ብሎ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ለመልክዓ ምድር ጉድለት የሆነው ይህ ጠባይ ለፊት ግን ጸጋ ሆነ፤ ተመልካች በቀጥታ ወደ ዐይን እንዲያይ ያደርጋልና።

ሌንሱን ሠርቶ የሸጠው ፎይክትሌንደር የተባለው ፋብሪካ ነበር። ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ቆይቶ እዚሁ ሚኒሶታ እናገኘዋለንና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የፎቶ ቤትን ሙያ ካስፋፉት መካከል አርመኖች ትልቅ ቦታ አላቸው። በድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ወርሰው ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። የዚያን ዘመን የፎቶ ቤት ካሜራ በሦስት እግር የሚቆም ትልቅ ሣጥን ነበር። አንሺው ከጥቁር ጨርቅ ሥር ገብቶ፣ ረዘም ባለ ሌንስ፣ ከሚነሣው ሰው ራቅ ብሎ ይሠራል። ወላጆቻችን በጉርድ ፎቷቸው ላይ ግርማ ሞገስ የሚታይባቸው አለባበሳቸውን ስላሳመሩ ብቻ አይደለም፤ ካሜራው በአክብሮት ራቅ ብሎ ስላያቸውም ነው።

ርቀት ነው ምስጢሩ

ይህን ነገር በቁጥር እንየው። የሰው አፍንጫ ጫፍ ከጆሮው በግምት 12 ሴንቲሜትር ይቀድማል። ካሜራው ከአፍንጫው በ50 ሴንቲሜትር ላይ ቢሆን ጆሮ በ62 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ አፍንጫ ከጆሮ አንጻር ወደ ሩብ ያህል ተልቆ ይታያል። ካሜራው 2 ሜትር ቢርቅ ግን ልዩነቱ 6 በመቶ ብቻ ነው። ክንዳችንን ዘርግተን በስልክ ስንነሣ ፊታችን የሌላ ሰው የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው። መልክን የሚያዛባው ሌንሱ ሳይሆን ቅርበቱ ነው። የረዥም ሌንስ ጥቅም ራቅ ብለን ቆመን ፊቱን በፎቶው ውስጥ እንድንሞላ ማስቻሉ ነው።

ላይካ በ1925 ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ትንሿን ካሜራ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ይኸው ጥበብ ወደ ኪስ ገባ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይካ ባለ 90 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ተፎካካሪው ዛይስም ለኮንታክስ ካሜራው ሶናር የተባለውን 85 ሚሊሜትር ኤፍ/2 ሌንስ አወጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች የሶናርን ንድፍ ወስደው ጁፒተር 9 ብለው ሠሩት። በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ወገኖች ይዘዋት ይመለሱ የነበረችው ዜኒት ካሜራ ይህን ሌንስ ትቀበል ነበር።

ጃፓኖችም አልተኙም። በ1950 ቶኪዮ ውስጥ ጁን ሚኪ የተባለ ጃፓናዊ የላይፍ መጽሔት ባልደረባውን ዴቪድ ዳግላስ ደንከንን በኒኮር 85 ሚሊሜትር ኤፍ/2 አነሣው። ደንከን የፎቶውን ጥራት አይቶ ተደነቀ፤ ወዲያውም የጃፓኖቹን ሌንስ ይዞ ወደ ኮሪያ ጦርነት ዘመተ። በማግሥቱ ዓመት የእኛ ቃኘው ሻለቃ ወደተሰለፈበት ወደዚያው ጦርነት ማለት ነው። የኒኮን ስም በአሜሪካ የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። ኋላም ስቲቭ መከሪ በ1984 ፓኪስታን በሚገኝ የስደተኞች ሠፈር ያነሣት አፍጋናዊት ልጅ በሰኔ 1985 የናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን ሆነች። የተነሣችው በኒኮር 105 ሚሊሜትር ኤፍ/2.5 ነበር።

85፣ 105 ወይስ 135?

ካሜራ የሚወዱ ወገኖች የሚከራከሩበት ጥያቄ ይህ ነው። ራስና ትከሻን በቁም ፎቶ ለመሙላት በ50 ሚሊሜትር 90 ሴንቲሜትር ያህል መቅረብ ያስፈልጋል፤ ይህ ለፊት ትንሽ ይቀርባል። በ85 አንድ ሜትር ተኩል፣ በ105 አንድ ሜትር ከ85፣ በ135 ደግሞ ሁለት ሜትር ከ40 ያህል ነው።

85 ሚሊሜትሩ ለአፓርታማ ቤት ይስማማል፤ እየተጨዋወቱ ለማንሣትም ይመቻል። ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በኤፍ/1.8 ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከ3 ሴንቲሜትር ተኩል አይበልጥም። ዐይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል። ወደ ኤፍ/5.6 ቢጠብ ጥልቀቱ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይደርሳል። 105 ሚሊሜትሩ ለፊት ብቻ ለሚነሣ ፎቶ የተመሰገነ ሲሆን፣ የኒኮሩ ኤፍ/2.5 ቀላልና በሁለተኛ እጅም በብዛት የሚገኝ ነው። 135ቱ ለአዳራሽ፣ ለሠርግና ለጥምቀት በዓል ይጠቅማል፤ ሳሎን ውስጥ ግን ጀርባችን ግድግዳ እስኪነካ ያሳፍገናል። አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው የእኛ ምክር 85 ነው። ካሜራው አነስተኛ ሴንሰር ያለው ከሆነ ደግሞ ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ/1.8 የ75 ወይም የ80ን ሥራ ይሠራለታል።

ጎርደን ፓርክስና የእኛ ቀለም

አሁን ፎይክትሌንደር ወደሚለው ስም እንመለስ። ጎርደን ፓርክስ በ1912 ካንሳስ ተወልዶ እናቱ ሲሞቱበት በ1928 ወደ ሴይንት ፖል የመጣ ጥቁር ወጣት ነበር። ያስጠጋው የእህቱ ባል በክረምት ከቤት አስወጥቶት፣ በሴይንት ፖልና በሚኒያፖሊስ መካከል በሚመላለሰው የከተማ ባቡር ውስጥ ሌሊቱን ያሳለፈበት ጊዜ ነበር። የሚኒሶታን ብርድ የቀመሰ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ኋላ በባቡር አስተናጋጅነት ሲሠራ ሲያትል ውስጥ ከአንድ መያዣ ቤት ፎይክትሌንደር ብሪሊያንት የተባለች ካሜራ ገዛ። ፊልሙን ሚኒያፖሊስ በሚገኘው ኮዳክ አሳጥቦ ሥራው እዚያው ለሕዝብ ታየለት፤ ሴይንት ፖል በሚገኘው የፍራንክ መርፊ ልብስ መደብርም የፋሽን ፎቶ አነሣ። በ1948 ላይፍ መጽሔት ቀጠረው። ከውድ ሌንስ የጀመረ አልነበረም፤ ከማየት ጀመረ እንጂ።

ፓርክስን የምናነሣው ለሌላም ምክንያት ነው። የኮዳክ ቀለም ፊልም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይመዘን የነበረው ሸርሊ ካርድ በሚባለው የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የጠቆረ ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ የሚወጣውም በከፊል ለዚህ ነው። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሴቶች የሚታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ችግር እንጨምራለን፤ ነጠላና በረዶ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ሁሉንም ነገር ግራጫ አድርጎ ስለሚያይ፣ ነጭ ነጠላ ወይም በረዶ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊታችንም ይጠቁራል። መፍትሔው ብርሃኑን ከፊት ላይ መለካት፣ ወይም ካሜራው ከሚለው አንድ ደረጃ አስበልጦ መክፈት ነው። እናቶቻችንን ከሰሜን ከሚመጣ የመስኮት ብርሃን አጠገብ ማስቀመጥም ከፍላሽ ይሻላል።

ጉርድ ፎቶ ምስክር ሲሆን

በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2010 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በጉርድ ፎቶዎች ተሸፍኗል። ለመታወቂያ ወይም ለማስታወሻ የተነሡ ወጣቶች ፊት ነው። ያኔ አንሺውም ተነሺውም ተራ ፎቶ ነው ብለው ነበር። መቃብራቸው ላልታወቀ ልጆች ግን ለወላጅ የቀረው እሱ ሆነ። ጉርድ ፎቶ ቀላል ነገር አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ዛሬ በስልካችን ሺህ ፎቶ አለ፤ አብዛኛው ግን በክንድ ርቀት የተነሣ፣ ያልታተመ፣ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነው። ወደዚህ አገር መጀመሪያ የመጡት አዛውንቶቻችን ደግሞ አንድ በአንድ እያለፉን ነው። ስለዚህ ካሜራ ያላችሁ ወገኖች ለመጪው እንቁጣጣሽ አንድ ነገር አድርጉ። ከጎረቤታችሁ አንድ እናት ወይም አንድ አባት አስፈቅዳችሁ፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ በረጋ ብርሃን አንሡ። ካሜራ የሌላችሁ በስልካችሁ ላይ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ መርጣችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ። ከዚያም አሳትሙት፤ በጀርባውም ሙሉ ስማቸውን፣ የትውልድ ስፍራቸውንና ቀኑን በአማርኛ ጻፉበት። ልጆቻችን ነገ ፎቶውን ሲያነሡ «ይህ ማን ነው?» ብለው የሚጠይቁት ሰው ላይኖር ይችላልና።